የጋሽ ወልዴ አያት ሁለተኛ ዓይን

የታሪክ መጽሐፍ እወዳለሁ። ወፍራም ከሆነማ ነፍሴ ነው። አንብቤ የጨረስኩት ባይኖርም ቴሌቪዥናችን የተቀመጠው በሁለቱ ላይ ነው። ዜና እንኳ የማየው ታሪክን መሠረት አድርጌ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ በዚሁ ቴሌቪዥን ነው የካዛንቺሱ ባለ ሥጋ ቤት የጋሽ ወልዴ አያት ከሃዲ ሆነው ብቅ ያሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ወልዴ ሥጋ ቤታቸውን ሲያሳድሱ ታፔላ ጸሐፊውን ደምሴን ጠርተው፣ አያታቸውን ከነመኳንንቱ ግብር ላይ አድርጎ ግድግዳው ላይ እንዲሥልላቸው አዘዙ። ደምሴ ከግራ ጀመረ። መኳንንቱን ሁሉ ዓይናቸውን አፍጥጦ ደረደራቸው። አያትየው ጋ ሲደርስ ግድግዳው አለቀበት። ቀጥሎ በር ነው! ምን ያድርግ? ግማሽ ፊታቸውን በሩ ላይ ቢሥል ደንበኛ በገባ ቁጥር ሰውየው ለሁለት ሊከፈሉ ነው። በቃ፣ ወደ ጎን አዞራቸው። አንድ ዓይን ቀረ።

«ሥጋውን እያዩ ነው» አለ። ጋሽ ወልዴም ደስ አላቸው። የቤቱን ሥጋ የሚጠብቅ አያት ማን ይጠላል?

ዓመታት አለፉ። የቴሌቪዥን ሰዎች ስለ ግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም ሊሠሩ መጡ። አብሯቸው የታሪክ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር። ክትፎውን ጨረሰና ለካሜራው አስረዳ፦ በአገራችን የሥዕል ወግ ደግ ሰው በሁለት ዓይን፣ ጠላት በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው፤ ስለዚህ እኚህ ባለ አንድ ዓይን ጌታቸውን የከዱ መሆን አለባቸው።

ወጉ እንኳ እውነት ነው። ቂርቆስን የተሳለመ ሁሉ ያውቀዋል። ሰይጣን ሥዕል ላይ በሁለት ዓይን ሲያያችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ፕሮግራሙ እሑድ ታየ። ለካስ ለጋሽ ወልዴ ልጅ ለትዕግሥት ቅዳሜ ሽማግሌ ሊመጣ ቀጠሮ ተይዟል! የሙሽራው ወገኖች ከባምቢስ ሰፈር ደወሉ። «ዘር ከልጓም ይስባል፣ እስቲ መጥተን እናጣራ» አሉ።

«አባዬ፣ ለአንድ በር ብለህ ትዳሬን!» እያለች ትዕግሥት አለቀሰች።

ጋሽ ወልዴ ደምሴ ላይ ጮኹ። «ዓይን አምጣ!»

«የት ላድርገው ጋሼ? ቦታ የለማ!»

«እኔ ምን ቸገረኝ! አንተ አይደለህ እንዴ ያሳወርካቸው?»

ምክር የተጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ መጻሕፍቴን ያውቃል። ታሪክ ክፍተት ሲኖረው ይሞላል አልኩ፣ ረጋ ብዬ። ደምሴም ሞላው። ከዱሮው ዓይን አጠገብ፣ ወደ ጆሮ ጠጋ አድርጎ ሌላ ዓይን ተከለ። ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ጉንጭ ተጎራበቱ። አያትየው አሁን ሥጋውንም ጆሯቸውንም የሚያዩ መሰሉ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሥጋ ቤቱ ገቡ። ዋናው ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉ ሥር ቆሙ። ትዕግሥት ከጓዳ በር ጀርባ ትንፋሿን ይዛለች። እሳቸው በጣታቸው ቆጠሩ። «አንድ... ሁለት።» ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ «ቴሌቪዥን ድሮም አይታመንም!» አሉና ተቀመጡ።

ልጅቷ ተሰጠች። ጉርሻው፣ ምርቃቱ፣ ሳቁ ምኑ ቅጡ!

ሲወጡ ዋናው ሽማግሌ ደምሴን ወደ ጥግ ሳብ አደረጉት። እኔም ለታሪክ ስል ተጠጋሁ።

«ልጄ» አሉት በሹክሹክታ፣ «የኔንም አያት ሳሎኔ ላይ ትሥልልኛለህ። እሳቸው እንኳ... መቼም የሰው አፍ አያርፍም፣ ስማቸው ትንሽ ይነሳል። እና ለጥንቃቄ ሦስት አድርገው።»