ሁሩታ የሄደው የሹራብ ገንዘብ

ገንዘብ አያያዝን ለልጆች ማስተማር ቀላል ይመስላል። ቁም ነገሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትጽፋላችሁ፣ እነሱ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፣ አለቀ። ችግሩ የሚመጣው እውነተኛ ገንዘብ እጃቸው የገባ ዕለት ነው። ያን ዕለት ከልጆቹ ይልቅ አስተማሪዋ ትታመማለች። ደርሶብኝ ነው የምለው።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ከማሠልጠኛ ወጥቼ አሰላ በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ለሰባተኛ ክፍል ሴቶች የቤት አያያዝ አስተምር ነበር። የአሰላን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ካፖርት ለብሷል አልለበሰም ብሎ ሰው አይለይም። ስለዚህ ልጆቹ የሠሩት ሹራብ ገዢ አላጣም። ሁሉም ተሸጦ አርባ ሦስት ብር አገኘን።

እኔም በወጣትነት ሞቅታ፣ “ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ተመካክራችሁ እናንተው ወስኑበት” አልኋቸው። ሲናገሩት ደስ የሚል ነገር ነው። በልቤ ግን ክር ይገዙበታል ብዬ ጨርሼዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሲንሾካሾኩ ሰነበቱና ሁለት ተወካይ ቅዳሜ በጭነት መኪና ሁሩታ ገበያ እንደሚልኩ ነገሩኝ። አንዷ ዘይነባ ናት፤ የባለሱቅ ልጅ፣ ነጋዴ ዋጋ ጠርቶ ሳይጨርስ ፊቷን የምታዞር። ሁለተኛዋ ጫልቱ ከገጠር መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትማር፣ ስትናገር ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ ልጅ ናት።

“ክር ሁሩታ ይረክሳል እንዴ?” አልሁ።

“ሁሩታ ብዙ ነገር ይረክሳል እትዬ” አለች ዘይነባ።

ልብ በሉ፣ አልዋሸችኝም።

ወላጆቻቸው ፈቀዱ። የትምህርት ቤቱ ሽማግሌ ዘበኛ ኦቦ ገልቹ አብሯቸው እንዲሄድ ሆነ። ዲሬክተራችን ግን አስጠርተውኝ፣ “ወይዘሪት፣ ገንዘቡ ቢጠፋ ከደሞዝሽ ይቆረጣል። ልጆቹ ቢጠፉ ከምን እንደሚቆረጥ አላውቅም” አሉኝ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከሁሩታ የሚመለሰው የጭነት መኪና መጣ። ልጆቼ አልነበሩበትም። ሾፌሩን ብጠይቀው፣ “ሽማግሌው በእግር እንመጣለን ብለው ቀሩ” አለኝና ጎማውን ለማየት ጎንበስ አለ። በእግር! መንገዱን የማያውቅ ብቻ ነው ይህን ሰምቶ እህል የሚወርድለት። መኪናውን ሊቀበሉ የመጡት የዘይነባ አባት ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ረፋዱ ላይ እኔና እሳቸው ከከተማው መውጫ ቆመን መንገዱን እናያለን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ከጥምዝዙ ማዶ ኦቦ ገልቹ ብቅ አለ። ከኋላው ጫልቱ፣ ቀጥሎ ዘይነባ። ድንጋይ ላይ ዘፍ አልሁ። ልጆቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኋቸው። ሁለት ልጅ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል? ይቆጠራል። በመካከላቸው አንዲት ግራጫ አህያ እንዳለች ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

“አህያ መኪና አይሳፈርም” አለ ኦቦ ገልቹ፣ እኔ ሳልጠይቀው። “መንገድ ላይ እህቴ ቤት አደርን። ልጆቹ በልተዋል።”

የዘይነባ አባት በረጅሙ ተነፈሱና የአህያዪቱን ጥርስ ገልጠው አዩ። “ስንት ገዛችሁ?” አሉ። ልጃቸው ነገረቻቸው። ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ሲያልፍ አይቻለሁ።

“ክሩስ?” አልሁ እኔ።

መልሱን የሰጠችኝ ያቺ ዓይነ አፋሯ ጫልቱ ናት። “እትዬ፣ ክር ብንገዛ ማን ይሠራዋል? ጠዋት ሁላችንም ወንዝ ነን። እርስዎ የሚቀጡን ስናረፍድ ነው፤ የምናረፍደው ደግሞ ውሃ ስንቀዳ ነው። አሁን ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ እንወርዳለን፤ ለሁሉም ቤት እሷ ትሸከማለች።”

ከመስከረም ጀምሮ በማርፈዳቸው ስቀጣቸው፣ ለምን እንደሚያረፍዱ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ዲሬክተሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አህያ አልፈልግም ብለው ጥቂት ቀን አኮረፉ። ኋላ ግን የቤት ሠራተኛቸው ታማባቸው ውሃ ሲቸግራቸው ወደ ልጆቹ ላኩ። ዘይነባም ለአንድ ጭነት አሥር ሳንቲም መሆኑን በትሕትና አስታወቀቻቸው። እኔ ጋ መጥተው፣ “ለዲሬክተርም ነው?” ቢሉኝ፣ “ውሳኔው የልጆቹ ነው፣ እነሱን ይጠይቋቸው” አልኋቸው። ከፈሉ።

በዓመቱ መጨረሻ ከጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ መጥተው ክፍሌ ገቡ። ጫልቱን አስነሥተው፣ “ቁጠባ ማለት ምን ማለት ነው?” አሏት። ያስገለበጥኋት ትርጉም ሁለት መስመር ተኩል ነው፤ በከንፈሬ ልነግራት ሞከርሁ፤ አላየችኝም።

“ጠዋት ደወል ሳይደወል ክፍል መግባት ነው” አለች።

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞሩ። ላርማት አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት።

“ትክክል ነው” አልሁ።