የኮሪደሩ ዲን

አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ። የእኔ ሙያ መወልወል ነው፤ እስክሪብቶ መያዝ ገና እየለመድኩ ነው። ግን ይህን ሰው ማንም ሳይጽፈው ቢቀር ይቆጨኛል።

ሁሉን አስመርቆ ራሱ የማይመረቅ ሰው የሌለበት ኮሌጅ በምድር ላይ የለም። የእኛው የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ልጆቹ "ክቡር ዲን" ይሉታል። ቢሯቸው ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበር ናት። እውነተኛው ዲን በዓመት ሁለቴ ቢታዩ ነው፤ የእኛው ግን ባልዲዬን ይዤ ስገባ ቀድመውኝ ተሰይመዋል።

አዲስ ተማሪ ግራ ገብቶት ሲመጣ "ለእኔ ተወው" ይላሉ። መካኒክስን ከጠዋቱ መምህር ጋር፣ የኤሌክትሪኩን ፊዚክስ ከካልኩለስ በኋላ፣ ቤተ ሙከራውን ከትምህርቱ ሳይነጥሉ። ለመመረቅ ስንት ክሬዲት እንደሚጎድለው ለእያንዳንዱ በቃላቸው ይነግሩታል። እያለቀሰች መጥታ እየሳቀች የሄደች አይቻለሁ። አንድ መምህር እንኳ የሚያስተምሩበት ክፍል የት እንደሆነ ጠይቀዋቸዋል። እኔንም አልማሩኝም፤ ከየት ጀምሬ ብወለውል ፍሪክሽን የሚሉት ፍትጊያ እንደሚቀንስልኝ አስረዱኝ። እንዳሉት አደረግሁ፤ ወገቤን አመመኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሬጅስትራር ያለችው ሴትዮ የተመራቂዎችን ዝርዝር ስታጣራ የእሳቸውን መዝገብ መለሰችው። ለካ አንደኛ ዓመት ሳሉ፣ የሚመክራቸው ጠፍቶ፣ ለጤና ተማሪዎች የሚሰጠውን ካልኩለስ የሌለበትን ፊዚክስ ወስደዋል። ለመሐንዲስ አይቆጠርም። መመዝገቢያው በማግስቱ ይዘጋል፤ ካመለጠ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው።

ክቡርነታቸውን ያገኘኋቸው ቤተ ሙከራው ጓሮ፣ አሮጌ ወንበሮች ከተከመሩበት ተደብቀው ነው። ከአንደኛ ዓመቶቹ ጋር፣ ራሱ ከመከራቸው ልጆች ጋር ከሚሰለፍ መሬት ተከፍታ ብትውጠው መረጠ። የመመዝገቢያ ፎርሙን እንዳስገባለት ለመነኝ። ባለቤቱ ካልፈረመ እንደማይቀበሉ እሱ ራሱ ስንቱን አስተምሯል።

"እትዬ፣ ምን ይሉኛል?" አለኝ።

እኔ ብዙ አልናገርም። ያን ቀን ግን፣ "በአርባ ስድስት ዓመቴ ማታ ትምህርት ቤት ከልጄ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ፊደል እቆጥራለሁ" አልኩት። "መጀመሪያ የሳቁብኝ ልጆች ዛሬ እርሳስ ይቀርጹልኛል።"

ፎርሙን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔም በተናገርኩት አፍሬ ባልዲዬን አንስቼ ሄድኩ። ሌሊቱን ግን ሳስበው አደርኩ፤ ያ አግዳሚ ወንበር ባዶ ሆኖ እንዳላየው ነበር የምፈልገው። ደግሞ መመረቅም አለበት። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው እሱን መጠየቅ ነበረብኝ።

በማግስቱ ጠዋት የሬጅስትራሩ መስኮት ሳይከፈት ሄጄ፣ የሥራ ቱታዬን እንደለበስኩ ወረፋ ያዝኩለት። ከኋላዬ የቆመች ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችኝና የትኛውን ፊዚክስ እንደምወስድ ጠየቀችኝ።

"የመሐንዲሶቹን" አልኳት፤ "የጤናው አይቆጠርም።"

ሦስት ሰው ሲቀረን መጣ። ቦታዬን ለቀቅኩለትና እስኪፈርም አጠገቡ ቆምኩ።