አባ ኩሽኔታ ሣህሉ ወደ ባሕር የዘመቱበት ዕለት

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሰባት ዓመት፥ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፥ አባ ኩሽኔታ ሣህሉ በባለ መንኮራኩሩ ዙፋን በተቀመጡ በሁለተኛው ዓመት፥ በወርኀ ጥር በሃያ አንደኛው ቀን፥ በአስተርእዮ ማርያም፥ በዕለተ እሑድ፥ ከአሰብ ከተማ ከቤታቸው ተነሥተው ወደ ባሕር ዘመቱ። ከቤታቸው እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ ጤነኛ ሰው አንድ ሲጋራ አጭሶ ሳይጨርስ የሚደርስበት ነው፤ ነገር ግን ዘመቻ የሚለካው በዘማቹ ነውና ታሪኩ ተጻፈ። ጸሐፌ ትእዛዙም፥ ሌላ ደፋር ስለ ታጣ፥ ሣህሉ ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ውዳሴው የበዛ የመሰለው አንባቢ ይታገሣቸው።

እኚህ ሣህሉ ሃያ ስድስት ዓመት በወደቡ የመርከብ ገመድ ሲቀበሉና ሲያስሩ የኖሩ ናቸው። እግራቸው የከዳቸው በጦር ሜዳ ቢሆን ኖሮ ለዚህ መጽሐፍ እንዴት ባማረ፤ ዳሩ ግን የኳስ ጨዋታ ሊጀመር ሲል የየመንን ቴሌቪዥን ለመያዝ አንቴና ሊያዞሩ ጣሪያ ላይ ወጥተው፥ ሥዕሉ ጠራ ወይ እያሉ ወደ ታች ሲጠይቁ ወደቁ። ሥዕሉ ጠርቶ ነበር ይባላል። አባ ኩሽኔታም የተባሉት ሕዝብ ዊልቸር የሚለው ዙፋናቸው ኩሽኔታው አልቆ በሌላ፥ ልኩ ባልሆነ ኩሽኔታ ስለ ተጠገነና ሲሄድ ስለሚጮህ ነው፤ ነገሥታት በነጋሪት እንደሚታወቁ፥ እርሳቸውም ከሁለት ቤት በፊት ይታወቁ ነበር።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። በመጪው ማክሰኞ ከሚስታቸው ከእቴናት ጋር በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ፥ ላይመለሱም፥ ተቈርጦ ነበር፤ በዚያ የእቴናት እኅት ቤት አለ፥ ሐኪምም ቅርብ ነው። ያን ሁሉ ዘመን አብረውት የኖሩትን ባሕር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በጆሯቸው እንጂ በገላቸው አላገኙትም። አንድ ጊዜ ሳይነኩት መሄድ፥ ከቤት ያሳደረን ሰው ሳይሰናበቱ ሹልክ እንደ ማለት ሆኖ ነፍሳቸውን አስጨነቃት።

ምክርም ተደረገ። መካሮቹም ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ሰዒድ፥ ከወሎ ደጋ ወርዶ ሱቅ የከፈተ፥ በስኳርና በባትሪ ድንጋይ ላይ የተሾመ፤ ሁለተኛውም ደስታው፥ ከአዲስ አበባ አሰብ በሚመላለስ ባለ ተሳቢ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ የሸበተ፥ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር በሚወተፈው በታኮ አቀማመጥ አቻ ያልተገኘለት። እነዚህም የከተማውን መዝናኛ ሁሉ መረመሩ። ሲኒማ ቤቱ ዘጠኝ ደረጃ አለው፤ የክበቡ በር ከዙፋኑ በአራት ጣት ይጠባል፤ ሻይ ቤቱ መግቢያው ላይ የለስላሳ ሳጥን ደርድሯል፤ ራሔይታ የተባለው የባሕር ዳር መንደር ነፋሻ ነው፥ ግን መኪና ይፈልጋል። ባሕር ብቻ ደረጃም በርም የሌለው ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ሣህሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ፥ ስማ፤ ያልሰማህም ስማ። ክርስቲያኑም እስላሙም የሰፈሬ ሰው፥ ደረጃ የሠራህ ሁሉ ደረጃህን ታቅፈህ ተቀመጥ፤ እኔ ወደ ባሕር ሄጃለሁ። ጉልበት ያለህ ግፋ፤ ጉልበት የሌለህ ጃንጥላ ያዝ፤ ሁለቱም የሌለህ ከመንገድ ዞር በል።»

እቴናትም ከማጀት ሆነው የራሳቸውን አዋጅ አወጡ፦ «እኔም ብያለሁ። ያለ ባርኔጣ የወጣ እንደሆነ፥ አሥር ሰዓትም ያለፈ እንደሆነ፥ ዳኛው እኔ ነኝ።» ከሁለቱ አዋጆች የጸናው የትኛው እንደሆነ፥ ባርኔጣው በራሳቸው ላይ መሆኑ ይመሰክራል።

ከምሳ በኋላ ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ። በቀኝ ሰዒድ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ፥ ከኋላ ደስታው እየገፋ፥ በጭራም ካርቶን መብላት የለመዱ ሁለት የጎረቤት ፍየሎች ተከተሉ። ደስታው ዙፋኑ በቆመ ቁጥር፥ ሜዳ ላይም ቢሆን፥ ልማዱ ነውና ታኮ ወተፈ። አሸዋው ሲደርሱ ግን የፊት ጎማዎች ሰመጡ። ደስታውም ተሳቢ እንደሚያስገባ ሰው ዙፋኑን አዙሮ በኋላ ማርሽ ጎተተ፤ እንዲህም ሆኖ ሣህሉ ወደ ባሕር የገሰገሱት ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው፥ ዓይናቸው ከፍየሎቹ ዓይን ጋር ተፋጥጦ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢዘልለው በወደደ።

በደረሱም ጊዜ አዙረው ከውኃው ጠርዝ አቆሟቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወደ ባሕሩ አወረዱላቸው። ሣህሉም ጠበቁ። ምንም አልመጣም። እግራቸው ባሕሩ ውስጥ ሆኖ ይታያል፤ ብርዱን ግን የሚያወራላቸው የለም፤ ከወገባቸው በታች ያለው አገር ከወደቁ ወዲህ ወሬ ልኮ አያውቅምና። ይህን ሳያስቡት የመጡ ሞኝ ነበሩ፤ ራሳቸውን ታዘቡ፥ እጅግም አዘኑ። ሁለቱ ባልንጀሮች ግን ፊት ፊታቸውን ያዩ ነበርና፥ ሣህሉ «ደስ ይላል፤ ቀዝቀዝ ያለ ነው» ብለው አወጁ። በዘመናቸው ከዋሹት ሁሉ ይህ ከበዳቸው።

ሰዒድም ጃንጥላውን ከዙፋኑ ጋር አስሮ ለዐስር ሶላት ሄደ፥ ከመስጊዱ ደጅም ወሬ ያዘው። ደስታው አራቱንም ጎማ በድንጋይ ታኮ ካጠበቀ በኋላ፥ መኪና ቆሞ ሥራ ሲያልቅ እንደሚያደርገው፥ በተገለበጠ ጀልባ ጥላ ሥር ተኛ። ሁለቱም የደጋ ልጆች ናቸው፤ የደጋ ሐይቅ ትናንት ካዩት ቦታ ዛሬም ይገኛል። ዙፋኑ ወደ ባሕሩ እንዳይሄድ ተጠነቀቁ እንጂ፥ ባሕሩ ወደ ዙፋኑ እንደሚመጣ አላሰቡም። ሣህሉ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ገመድ ሲያላሉና ሲያጠብቁ የኖሩት በየቀኑ በሚመጣና በሚሸሸው በዚሁ የባሕር ሙላት ነው፤ የሚመጣበትን ሰዓት ያውቃሉ። አውቀው ዝም አሉ።

ውኃውም ቁርጭምጭሚት አለፈ፥ ጉልበት አለፈ፥ መቀመጫውን ሸፈነ፤ አንዱ ጫማቸው ተነሥቶ ወደ የመን ገሰገሰ። ከዚያ ከእንብርታቸው ሦስት ጣት ዝቅ ካለው ድንበር ሲደርስ ብርዱ ነካቸው። ባሕሩ ነበር፤ ያው የሚያውቁት፥ እየገፋ የሚመለሰው። ነገሥታት ሲያለቅሱ ዜና መዋዕል ይሸፋፍናል፤ ይህ ግን አይሸፋፍንም፥ ሣህሉ አለቀሱ።

አሥር ሰዓት አልፎ እቴናት ሲደርሱ፥ ደስታው ባንኖ፥ ሰዒድም ከመንገድ ሮጦ፥ ዙፋኑን ሊነቅሉ ይታገሉ ነበር፤ ታኮው እጅግ ጥሩ ታኮ ነበርና አልነቃነቅ አለ። እቴናት ሊቈጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የባላቸውን ፊት ባዩ ጊዜ ግን ከነጫማቸው ውኃው ውስጥ ገቡ፥ ከጎናቸውም ቆመው አወጁ፦

«ይህን ሰው ማንም እንዳይነካው። ዳኛው እኔ ነኝ፤ በቃኝ እስኪል ይቀመጥ።»

ስለዚህ ይመስገኑ አባ ኩሽኔታ ሣህሉ፥ ጣሪያ የጣላቸው፥ ፍየል ያጀባቸው፥ በጀርባቸው የዘመቱ። ባሕር የከፈለ አለ፥ በባሕር ላይ የተራመደም አለ፤ እርሳቸው ግን ተቀምጠው አስመጡት። ሙላቱ እስኪሸሽ ድረስ በቃኝ አላሉም፤ ሊሰናበቱ የሄዱት እርሳቸው ሲሆኑ፥ ቀድሞ ተነሥቶ የሄደው ባሕሩ ነው።