መሰላል የማይፈልግ ሥዕል

እጁን ቀለም የማይነካው ሰዓሊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወልጄ አሳድጌያለሁ። ክልላችን አዲስ ሳለ አሶሳ ውስጥ ታፔላ መጻፍ የጀመርኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው። በኋላ የተወለደችው ልጄ ሐዋ ግን መሰላሌን እየያዘች ብሩሽ አያያዝ ከእኔ ተማረች። ዛሬ አዲስ አበባ ሆና በታብሌት ትስላለች። ስትሳሳት በጣቷ ነካ ታደርገዋለች፤ ስሕተቱ ይጠፋል። እንዲህ እየሠራ ጥንቃቄ የሚማር ማን አለ?

ባለፈው እኔን መሰላል ላይ ስላ በስልክ ላከችልኝ። ደውዬ ተቆጣሁ።

«መሰላሉን ማን ያዘው? ልወድቅ እኮ ነው!»

«አባባ ደግሞ! ሥዕል እኮ ነው፤ አትወድቅም» ብላ ሳቀች።

«በሥዕልም ቢሆን ያለ ያዥ አይወጣም!»

ወዲያው ራሷን ከሥር ጨምራ፣ መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛ መልሳ ላከችው። እውነቱን ልናገር፣ ግሩም ሥዕል ነው።

ዛሬ ጠዋት አንድ የቆየ ታፔላ ላድስ ወጣሁ። የመሰላሉን እግር በድንጋይ ደገፍኩና ሥዕሉን ከፍቼ ስልኩን ድንጋዩ ላይ አቆምኩት።