የአረንጓዴ እግር የአጎት ልጅ

ጭቃ ባለበት የባሕር ዳርቻ ሁሉ፣ ወፏ ሳትደርስ ስሟን የሚጠራ አንድ ሰው አይጠፋም። በሶልጌ መንደር ይህን ሹመት የያዙት መምህር ቾንግሶ ነበሩ። አስተምረው አያውቁም፤ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ታናሽ እህታቸው ማልሱን ደግሞ የሻይ ፔርሙዛቸው ተሸካሚ ነበረች።

መምህር አቅርቦ ማሳያ መነጽራቸውን ሳያነሱ ይፈርዳሉ። ሌላው ሲገምት፣ "የክንፉን ሥር አይተሃል? ታዲያ ዝም በል" ይላሉ። ማልሱን ወፍ ለማየት አብራቸው በወጣችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት አንዴም አልተሳሳቱም። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

በዚያ ዳርቻ አረንጓዴ እግር የምትባለው ወፍ ሞልታለች። ብርቋ እሷን የምትመስለው፣ "የአረንጓዴ እግር የአጎት ልጅ" የተባለችው ናት። አንዲት የወፍ ተመልካቾች ማኅበር አዲስ አባል "የአጎት ልጅ መጣች" ሲባል ሰምታ፣ ምሳዋን እንደያዘች እንግዳ ልትቀበል ወደ መንገዱ ወጥታ ነበር። በበረራ ላይ ለመለየት የክንፏ ሥር ነጭ መሆኑን፣ እግሯም ከጅራቷ እምብዛም አለማለፉን ባንድ ትንፋሽ ማየት ያስፈልጋል። በማኅበሩ ደንብ ደግሞ ሁለት ሰው ያልመሰከረላት ብርቅ ወፍ መዝገብ አትገባም።

መስከረም ላይ ነው። ጠዋት መምህር በሰው ፊት፣ "የእኔ እህት ዳክዬና ድንጋይ አትለይም" ብለው አስቀውባታል። ከሰዓት ሌሎቹ ሄደው ወንድምና እህት ብቻ የባሕሩ መገደቢያ ግንብ ላይ ቀሩ። የባሕሩ ውኃ ሞልቶ ጭቃውን ሲሸፍን ወፎቹ ተነሡ።

"የአጎት ልጅ ናት" አሉ መምህር። ሠላሳ ዓመት የጠበቋት ወፍ ናት። "ማልሱንዬ፣ አየሻት?"

ማልሱን አይታታለች፤ ነጩንም ክንፍ፣ አጭሩንም እግር።

"አላየሁም ወንድም ጋሼ። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባችብኝ።"

ይከራከሩኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ዓይኔ ደክሟል፣ ተሳስቼ ይሆናል አሉና ደብተራቸው ላይ የጻፉትን ሰረዙ። ሲመለሱ ፔርሙዙን ራሳቸው ተሸከሙላት።

በዚያው ዓመት የብርዱ ወራት በረዶ ሳይቀልጥ መምህር አረፉ። ማልሱን በአገሩ ልማድ ለሟች የሚደረገው የአርባ ዘጠኝ ቀን ጸሎት ባለቀ ማግስት ማኅበሩ ቢሮ ሄዳ፣ መስከረም ላይ ወንድሜ ያያትን የአጎት ልጅ እኔም አይቻታለሁ፣ መዝግቡልኝ አለች። ጸሐፊው ቀኑን ጠይቆ ጻፈ፤ ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ታዲያ እትዬ፣ ያን ጊዜ ለምን አልመሰከሩም?"

"አንድ ቀን እንኳ ይሳሳት ብዬ ነበር" አለች። "እሱ ግን አመነኝ።"