ክቡር ነገ-የለሁም

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሥራውን ሊለቅ አንድ ቀን ብቻ የቀረው ሰው አለ። ይህን የምለው ጥናት አድርጌ ሳይሆን የሠራሁባቸውን ሦስት ቢሮዎች አይቼ ነው። ጠረጴዛው ላይ የራሱን ዕቃ አያስቀምጥም፤ የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሲሰጡት «ለማን ብዬ?» ይላል። ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚገባውም፣ ከሁሉም በኋላ የሚወጣውም እሱ ነው።

የእኛው ክቡር ነገ-የለሁም ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን።

ገና በተከፈተ የቤት ሽያጭ ኤጀንሲ ውስጥ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ነበርን። ግንባታው ባላለቀ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ያሉ አፓርታማዎችን እንሸጣለን። ጠዋት ስልክ እንደውላለን፤ ከሰዓት ደንበኛ አስከትለን ደረጃ እንወጣለን። ላይ በር የለም። መስኮቱ ላይ የተወጠረው ላስቲክ ነፋስ በመጣ ቁጥር እንደ ሳንባ ይነፋና ይሟሽሻል። እዚያ ቆመን «ይሄ ሳሎን ነው» እንላለን።

ሥራ አስኪያጇ የሁላችንንም ስም ነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፋለች። ሳምንቱን ሙሉ ያልሸጠ ሰው ስሙ አርብ ይጠፋል። አትቆጣም፣ አትናገርም፤ በመዳፏ ቀስ ብላ ታብሰዋለች። ሰኞ መልሳ ትጽፈዋለች። እኔ በአራት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ታብሻለሁ። 

ክቡርነታቸው ያጽናኑኝ ነበር። «እኔስ ነገ የለሁም፤ አንቺ ግን ልጅ ነሽ፣ አስቢበት» ይሉኛል። የመልቀቂያ ደብዳቤያቸው ሁልጊዜ የውስጥ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ከመታጠፍ ብዛት ተቀዶ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ አስጽፈውታል። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ችግር ቢፈጠር የት እንደምታገኛቸው ብትጠይቃቸው «እኔ እንኳ ነገ የለሁም» አሏት። ሴትየዋ እጃቸውን በሐዘን ጨብጣ ቤቱን ገዛች።

አንድ ሰኞ ስንገባ ወንበራቸው ባዶ ነው። ደብዳቤውን በጠዋት አስገብተው ሄደዋል። ሥራ አስኪያጇ ስማቸውን አበሰችው። የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔ ቀናሁ፤ የኔም ደብዳቤ ስልኬ ላይ ተጽፎ ነበርና። የማስገባበት አቅም ግን አጣሁ። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ አዲስ ሥራ መያዜን ለዘመድ ሁሉ አውርታለች፤ ምን ብዬ ልንገራት?

ረቡዕ ከሰዓት ባልና ሚስት ይዤ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ከበላያችን ድምፅ ሰማን። «እዚህ ጋ ሶፋ ታስቀምጣላችሁ። ጠዋት ፀሐይ በዚህ በኩል ትገባለች።» ከዚያ ዝም አለ፣ ሰው እንደሚያዳምጥ። ከዚያ ለተነገረው ቀልድ በትህትና ሳቀ።

ባልየው ሌላ ጎብኚ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ድምፁን ግን አውቄዋለሁ። ወርጄ ጥበቃውን ብጠይቀው፣ ከእናንተ በቀር የወጣ የለም አለኝ። ሲናገር ጫማውን ነበር የሚያየው።

በማግሥቱ ብቻዬን ወጣሁ። አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ወለሉ አቧራ ለብሷል። አቧራው ላይ ከክፍል ክፍል የሚመላለስ ዱካ አለ፤ ብዙ ዱካ፣ ግን የአንድ ሰው ጫማ ብቻ። ዱካውን ተከትዬ የመጨረሻው ክፍል ደጃፍ ላይ ስደርስ ክቡርነታቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። እጃቸውን ወደ ባዶው ማዕዘን ዘርግተው «ጥያቄ ካላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁኝ» አሉና ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። 

«ጋሼ» አልኳቸው።

አልደነገጡም። «አንድ ጊዜ» አሉ፣ «ልጨርስላቸው።»

ጨረሱላቸው። እስከ መውጫው ሸኟቸው። እኔ ደጃፉ ላይ ስለነበርኩ፣ ሳላስበው ለማይታዩት ጎብኚዎች ገለል ብዬ መንገድ ለቀቅኩ። ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና ፊታቸው ጠወለገ።

«ማንም የለም፣ አይደል?»

የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥንና የሆነውን ነገሩኝ። ሥራ አስኪያጇ ደብዳቤውን ስትቀበል ቀና እንኳ አላለችም። ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ከቤት ወጡ፤ እግራቸው እዚህ አመጣቸው። ጥበቃውን ለምነው ገቡ። ዝም ብሎ መቆሙ ሲያስፈራቸው ማስጎብኘት ጀመሩ። ባለቤታቸው አታውቅም። «ስድስት ወር ሙሉ ስለ መልቀቅ ሳስብ» አሉኝ፣ «በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ የት እንደምሄድ አንድ ቀን አላሰብኩም።»

ምሳ ሰዓት ላይ እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከፈተችልን። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመው ነገሯት።

«አውቄያለሁ» አለች። «በእንቅልፍህ ቤት መሸጥ ካቆምክ ሦስት ቀንህ እኮ ነው። ግባ፣ ነፋስ ነው።»

ማታ እህቴ ሰሃን ስታጥብ፣ በእንቅልፌ እናገር እንደሆነ ጠየቅኳት። ውሃውን ዘጋችው።

«ትናንት ቀስቅሰሽኝ መኝታ ቤቱን አስጎበኘሽኝ» አለች። «ዓይንሽ ተገልጧል፣ ግን አላየሽኝም። እንዳትደነግጪ ብዬ 'አስቤበት እደውላለሁ' አልኩሽና ተኛሽ።»

አርብ ደብዳቤዬን አስገባሁ። ከዚያ በፊት ግን ሐሙስ ማታውኑ ከዚህ በፊት እሠራበት ለነበረው ክሊኒክ መዝገብ ክፍል ኃላፊ ደውዬ፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ የት እንደምገባ አረጋግጫለሁ። እህቴ ለዘመዶቻችን የምትነግረውን ራሷ አሰበችበት።

ክቡርነታቸው አሁን ክሊኒኩ አጠገብ ያለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ይሠራሉ። በየሳምንቱ እስክሪብቶ ልገዛ እገባለሁ፤ የገዛሁት አሥራ ዘጠኝ ደርሷል። ባለፈው ሃያኛውን ስጠይቃቸው «መጀመሪያ ያለሽን ጨርሺ» ብለው ወደ መደርደሪያው መለሱት። ከእሳቸው ሻጭ አይወጣም። ወንበር ሳቡልኝና ቁጭ ብዬ ስለ መዝገብ ክፍሉ ሳወራላቸው ዋልኩ።