ፓ ሊዮንጋ በሻጋታ ላይ የዘመቱበት ዜና

ፓ ሊዮንጋ ኤፎሲ ከፖስታ ቤት ጡረታ በወጡ በዘጠነኛው ዓመት፣ የልጅ ልጃቸው የሊሙንጋ መኝታ ክፍል ለሦስተኛ ጊዜ ነጭ ቀለም በተቀባ በሁለተኛው ወር፣ ከፋኮ ተራራ የወረደው ዝናብ በቦክዋንጎ ሰፈር ላይ ሳያባራ በነገሠ በአርባ አንደኛው ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ቁርስ ገና ሳይቀርብ፣ ይህ የሚጻፈው ነገር ሆነ።

እኚህ በሰፈሩ ልማድ «ፓ» ማለትም አባባ የሚባሉት ሊዮንጋ፣ ማኅተመ ብርቱ፣ መዝጋቤ ደብዳቤ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ ተቀምጠው የሕዝቡን ፖስታ ሲመቱ አንዲት ቴምብር ያላጣመሙ፣ ቃላቸውም በሰፈሩ ዘንድ እንደ ማኅተማቸው የሚታመን ሰው ነበሩ። ነገር ግን ሁለት ጠላት ነበራቸው። አንደኛው ሻጋታ ነው። ሁለተኛው ጎረቤታቸው ፓ ታምፉ ናቸው። እሳቸውም ሁለቱን እንደ አንድ ይቈጥሯቸው ነበር፤ የታምፉ ጣራ አሸንዳ ጫፉ ተሰብሮ በአጥሩ ላይ ወደ እሳቸው ግድግዳ ስለሚያፈስስ፣ «ሻጋታውን የላከብኝ ታምፉ ነው» ይሉ ነበርና።

የሻጋታውም አነሣሥ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ክረምት በክፍሉ ማዕዘን ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍንጣሪ ሆኖ ታየ፤ ፓ ሊዮንጋም ቀለም ቀቡበትና «አለቀለት!» ብለው አወጁ። በሁለተኛው ክረምት ጭፍራውን አስከትሎ ተመለሰ፤ ዳግመኛ ቀቡት፣ ዳግመኛም አወጁ። በሦስተኛው ግን ሦስተኛውን ቀለም ራሱን እንደ እንጀራ ዓይን እየበሳ ወጣና ሰፈረ፤ ጥቁሩ በቀኝ፣ አረንጓዴው በግራ፣ ነጩና ጢማሙ በደጀን ሆነው፣ ክፍሉም እንደ እርጥብ ጆንያ ሸተተ።

በዚያ ክፍል የምትተኛው ሊሙንጋ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ኤቶንዴ ዱዋላ ወደብ ላይ ስለምትሠራ አያቶቿ ያሳድጓታል። በየማለዳው ቅጠል አጥፋ ወደ አያቷ ትመጣና «ፓ፣ ደብዳቤ አለዎት፤ ይፈርሙ!» ትላለች፤ እሳቸውም ሳይፈርሙ ቀርተው አያውቁም። በዚያ ማክሰኞ ግን ደብዳቤ አልመጣም። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ፣ አየሩን በቀጭን ፉጨት እየሳበች ተገኘች። አያቷ ማሚ ናሞንዶ አዝለዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጡ። ነርሷም በአፍ የሚሳብ ፓፍ ሰጥታ፣ ልጅቷ ስትረጋጋ፣ «አስም ነው። የምትተኛበትን ክፍል አስመርምሩ፤ ሻጋታ ካለ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም» አለች።

ከሰዓት በኋላም የኤቶንዴ አዋጅ በስልክ ደረሰ፤ «አባዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ግድግዳው እንደነገራችሁኝ ከሆነ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ዱዋላ ለአራት በአንድ ክፍል ብንተኛም ደረቅ ነው።»

ፓ ሊዮንጋ ስልኩን አስቀመጡ። የታጠበ ሲኒ አንሥተው አጠቡ፤ አስቀመጡት፤ ደግመው አጠቡት። ከዚያ ተቀምጠው በፓ ታምፉ አሸንዳ ላይ አሥራ አንደኛውን የክስ ደብዳቤ ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፉ፤ ይህንን ግን በእጃቸው አደረሱት።

በማግሥቱ ረቡዕ የማዘጋጃ ቤቱ የጤና ተቆጣጣሪ ኤፖሲ መጣች፤ ቢጫ ቦቲ የተጫማች፣ ባትሪ የታጠቀች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት። ወደ ክፍሉም ሲገቡ ፓ ሊዮንጋ የክሱን ቅጂ ይዘው ከፊት፣ ማሚ ናሞንዶ መጥረጊያ ይዘው ከኋላ፣ ሊሙንጋ ሙዝ ይዛ በመካከል ነበሩ። ኤፖሲ ልጅቷን ወደ ሳሎን መለሰቻት፤ «ሻጋታው እስኪጠፋ ድረስ እዚህ አትግባ፣ እዚያ ትተኛ» ብላ። ግድግዳውን በጣቷ መገጣጠሚያ አንኳኳች፣ አሸተተች፣ በባትሪ አየች።

ፓ ሊዮንጋም፣ «ላቦራቶሪ ይላክ! ዘሩ ይታወቅ! ከየት ቤት እንደመጣ ይጻፍልኝ!» ብለው አወጁ።

«ፓ፣ ስሙን ብናውቅ ምን ይሠራልናል?» አለች። «የትኛውም ዓይነት ቢሆን ይህችን ልጅ ያስላታል። የሚያኖረው እርጥበት ነው። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ግድግዳውን ራሱን እንጠይቀው።»

ከዚህም በኋላ አንድ ክንድ የሚሆን ላስቲክ አውጥታ አራት ጎኑን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፈችና ሕጉን ተናገረች፤ «አርብ ጠዋት እናየዋለን። ላቡ ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከተገኘ፣ ውኃው ከውጭ ነው የሚገባው። ከላይ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን ከቤት ነው፤ ትንፋሽ፣ የድስት እንፋሎት፣ እርጥብ ልብስ።» ቀና ብላም ክፍሉን ዙሪያውን አየችና፣ «ለመሆኑ ይህ ክፍል መስኮት የለውም?» አለች።

ፓ ሊዮንጋ የክሱን ቅጂ አገላበጡ። ማሚ ናሞንዶ ግን ቁም ሣጥኑን አዩ።

ይህም ቁም ሣጥን የፓ ሊዮንጋ የጡረታ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ከጠንካራ ጣውላ፣ ባለ ሦስት በር፣ በገዛ እጃቸው፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ገጣጠሙት፤ ሲጨርሱም ከበሩ ይልቅ ረጅምና ሰፊ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ለዘላለም እዚያው ቀረ። የክፍሉ ብቸኛ መስኮትም ከጀርባው ነበረ። በእጀታውና በትይዩ ሚስማር መካከል ማሚ ናሞንዶ ገመድ ወጥረው የክረምቱን ልብስ ሁሉ ያሰጡበታል፤ ውጭ ፀሐይ የለማ!

የላስቲኩ ወሬ ከተቆጣጣሪዋ ቦቲ ቀድሞ አጥሩን ተሻገረ። ፓ ታምፉ በረንዳቸው ላይ ወጥተው አወጁ፤ «ሊዮንጋ! ላስቲክ ለጥፈህ ልታስፈርድብኝ ነው አሉ!»

«አርብ እንተያያለን! ሻንጣህን አዘጋጅ!»

«በምን ልትልከኝ ነው እስር ቤት? በፖስታ?»

«በአደራ ደብዳቤ! እንዳትጠፋ!»

«ያንተ ፖስታማ ከሆነ ከመድረሴ በፊት የእስር ዘመኔ ያልቃል!»

ከየበረንዳው ሳቅ ተነሣ፤ ፓ ሊዮንጋም ገብተው በሩን ዘጉ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ሆነው ላስቲኩ ያለበትን ክፍል በር ጠበቁ፤ ለማንም አልከፈቱም።

በዕለተ አርብ፣ ሲነጋጋ፣ የጠዋት ውኃቸውን በብርጭቆ ይዘው ብቻቸውን ገቡ። ላስቲኩ በክፍሉ በኩል ያለው ገጹ በላብ ተጥለቅልቆ ጠብታው እርስ በርሱ እየተገፋ ይወርዳል። አንዱን ጠርዝ በጥፍራቸው ላጡ። ግድግዳው ከሥሩ እንደ ብስኩት ደርቋል። በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ደረቅ። በጉንጫቸው ነኩት፤ ደረቅ።

በሊሙንጋ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ክረምት፣ አሥራ አንድ ደብዳቤ፣ ስንት ስድብ! አሁን ታምፉ በረንዳው ላይ ቆሞ ምን እንደሚል ጆሯቸው ውስጥ ሰሙት። ይህን መጻፍ ለጸሐፊው ይከብደዋል፤ ቢሆንም ሆኗል። ፓ ሊዮንጋ በመሐረባቸው የላስቲኩን ገጽ አደረቁ፤ ሦስት ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ነክረው ከሥሩ ረጩ፤ ፕላስተሩንም መልሰው አስተካክለው ተጫኑት። ቴምብር እንደሚለጥፍ ሰው።

ከዚያም ተቆጣጣሪዋን ሳይጠብቁ በአጥሩ ላይ ታምፉን ጠሩ። ፓ ታምፉ የሱፍ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ለጠብ ተዘጋጅተው መጡ። ላስቲኩ ተገለጠ። ውኃው ከሥር ታየ። ፓ ታምፉ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። ኮፍያቸውንም አወለቁ።

«እኔ ነኛ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔኮ አንተ ለነገር ብለህ ነው የምትለፈልፈው ብዬ… ይህችን ልጅ ያሳላት የኔ አሸንዳ ነው።»

ወጥተው ሄዱ። ጥቂት ቆይቶም የሰባ አንድ ዓመቱ ፓ ታምፉ፣ በዝናብ፣ ካኒቴራ ብቻ ለብሰው፣ መሰላል ላይ ወጥተው አሸንዳቸውን በመዶሻ ሲነቅሉ ታዩ።

ፓ ሊዮንጋ የድላቸውን ሰዓት ከሳሎን መስኮት ተመለከቱ። ደስታውን ቢጠብቁት አልመጣ አለ። በዚያው ቅጽበት ግርግሩን ለማየት ወደ ክፍሏ ገብታ የነበረችው ሊሙንጋ ማሳል ጀመረች፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ማሚ ናሞንዶ ፓፉን ነቅንቀው አፏ ላይ አደረጉላት፤ «ሳቢ፣ ያዢው፣ ያዢው የኔ እናት» እያሉ። ፓ ሊዮንጋ ከእሷ ጋር ትንፋሻቸውን ያዙ። አሸንዳው ይነቀላል፤ ሻጋታው ግን ያው እዚያው ይቀመጣል፤ ታምፉም አይተነፍሰው፣ እሳቸውም አይተነፍሱት፤ የምትተነፍሰው እሷ ናት።

ያለ ጃንጥላ ወጡ። በጭቃው መካከል ቆመው፣ በሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ሥራ አውጥተው በማያውቁት ድምፅ እንዲህ ብለው አወጁ፦

«ታምፉ! ውረድ! አሸንዳህን ተወው! ውኃውን የረጨሁት እኔ ነኝ! በነዚህ ጣቶቼ! ግድግዳው ደረቅ ነበር! ልጅቷን የዘጋባት የኔ ቁም ሣጥን ነው! ጥፋቱ የኔ ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፣ የኔ ነው!»

በሮች ተከፈቱ። ፓ ታምፉ መሰላሉ ላይ ሆነው መዶሻቸውን ወገባቸው ላይ ሰክተው ወደ ታች አዩዋቸው።

«ሊዮንጋ» አሉ፣ «በሰባ አንድ ዓመቴ መሰላል ላይ ካወጣኸኝ በኋላ ነው ይህን የምትነግረኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያውስ ና መሰላሉን ያዝልኝ። ደረጃው ያዳልጣል።»

ፓ ሊዮንጋም ሄደው በሁለት እጃቸው ያዙት። ፓ ታምፉ በየደረጃው አንድ አንድ ስድብ እያወረዱ ወረዱ፤ ሰባት ደረጃ፣ ሰባት ስድብ፤ ሁሉም የሚገባ ነበር። መሬት ሲነኩም፣ «መጋዝ አለህ?» አሉ።

«ደንዟል።»

«እንዳንተ! የኔ ይቈርጣል፤ ቆይ ላምጣ።»

ወእምዝ ዘመቻው ሆነ። ሊሙንጋ ወደ ታምፉ ቤት ተላከች፤ የታምፉም ሚስት ፉፉ የተባለውን ገንፎ ከቅጠል ወጥ ጋር ሰጥታ ያዘቻት። በግንባር የተሰለፉት እነዚህ ናቸው፦ ፓ ሊዮንጋ፣ አፋቸውን በማስክ የሸፈኑ፤ ፓ ታምፉ፣ ባለ መጋዙ፤ ማሚ ናሞንዶ፣ በቀኝ እጃቸው በረኪና በግራቸው አቼቶ የያዙ፤ ፍርዱን ልታነብ መጥታ ፍርዱ ተነብቦ ያገኘችው ኤፖሲም።

ኤፖሲም በሩ ላይ አስቆመቻቸው፤ «አንዱን ብቻ ማሚ! ሁለቱን ከቀላቀሏቸው ከሻጋታው በፊት የምናልቀው እኛ ነን። ጓንት ይደረግ። በደረቁ የሚጠርግ እንዳይኖር፣ ዱቄቱ ይነሣል፤ መጀመሪያ አርጥባችሁ ነው የምትፈትጉት።» ማሚ ናሞንዶ አቼቶውን ወደ ወጥ ቤት መለሱ።

የመጀመሪያውን መጋዝ ፓ ሊዮንጋ ራሳቸው አሳረፉ። እጃቸው ጣውላው ላይ ቆመ፤ በዚያ ጣውላ ሦስት ወር ደክመውበታል። ማሚ ናሞንዶም አወጁ፤ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ቁረጥ የኔ ጎበዝ! የልብሱ ገመድ ደግሞ የኔ ጥፋት ነው፤ እሱን ለኔ ተወው» ብለው ገመዱን በቢላ በጠሱት።

ቁም ሣጥኑ ከወገቡ ተቈርጦ ላይኛው እኩሌታ በወረደ ጊዜ፣ ከጀርባው የታየውን ለመጻፍ ብርዕ ያስፈራዋል። ጣውላው እንደ ፍየል ቆዳ ጠጕር አብቅሏል። የፖስታ ቤት የክብር ልብሳቸው አረንጓዴ ጢም አውጥቷል። «ሊዮንጋ፣ ልብስህ ካንተ ቀድሞ ሸመገለ» አሉ ፓ ታምፉ፤ ፓ ሊዮንጋም ስቀው በማስካቸው ውስጥ ታፈኑ። ያበጠውን የመስኮት መዝጊያ ሁለቱ ሽማግሌዎች በትከሻቸው ገፉት፤ አንድ፣ ሁለት፣ በሦስተኛው ተበረገደ፤ የዝናቡ አየርና የቀኑ ብርሃን አብረው ገቡ። እስከ ማታ ፈተጉ፤ የበሰበሰው ተቃጠለ፤ ግድግዳው ሳይቀባ ባዶውን እንዲደርቅ ተተወ።

ቅዳሜ ኤቶንዴ መጣች። ሰላም ሳትል ክፍሉ ገባች፤ አሸተተች፤ ግድግዳውን በመዳፏ አሸችና መዳፏን አየች፤ ከዚያም ጆሮዋን በልጇ ጀርባ ላይ አድርጋ ብዙ አዳመጠች። ፓ ሊዮንጋ እንደ ተከሳሽ ቆመው ነበር።

«አንድ ወር አባዬ» አለች። «አንድ ወር አየዋለሁ።» የልጇን ልብስ ልትይዝበት ያመጣችውን ሻንጣም ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

በዚያም ወር መስኮቱ በየቀኑ ተከፈተ፤ ልብሱ በበረንዳ ተሰጣ፤ ድስቱ በክዳኑ ተከደነ፤ ለማዘጋጃ ቤቱም አሥራ አንዱን ክሶች የሚሽር አንድ ደብዳቤ ተጻፈ። አስሙስ ፈጽሞ አልሄደም፤ ፓፉ ግን አራት ሳምንት ከመደርደሪያ አልወረደም። ኤፖሲ ዳግመኛ የለጠፈችው ላስቲክ ከላይም ከሥርም ደረቀ። ኤቶንዴም በስልክ «ትቆይ» አለች፤ ፓ ሊዮንጋም ስልኩን ዘግተው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ሲመለሱም «የበረኪናው ነው» አሉ፤ በዚያ ቀን ግን በረኪና አልተከፈተም ነበር።

እነሆ፣ ከተማ የሰበሩ ብዙዎች ናቸው፤ ወንዝ የተሻገሩም ተጽፈዋል። ነገር ግን ገና ያልተያዘበትን ውሸት በገዛ አፉ የከሰሰ፣ በዝናብ መካከል «የኔ ነው» ብሎ የጮኸ፣ ጮኾም ሳይሸሽ የጠላቱን መሰላል የያዘ ማን አለ? ጸሐፊው የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሁሉ ጠይቆ ሌላ አላገኘም። ለማኅተመ ብርቱ፣ ለሠያፌ ቁም ሣጥን፣ ለከሣቴ መስኮት ለፓ ሊዮንጋ ኤፎሲ ክብር ይሁን፤ ዕድሜያቸው ይርዘም፣ ግድግዳቸው ይድረቅ፣ በቤታቸውም ያለ ሁሉ እስከ ጧት ያለ ፉጨት ይተንፍስ።